የቤት ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ገንዘቡ የት ላይ ይውጣ?

የቤት ኢንተርኔት መቆራረጥ ሲጀምር ደንበኛው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ራውተሩን ጥሎ አዲስ ይገዛል፤ ወይ ደግሞ «ፍጥነቱ ቢጨመር ይሻለዋል» ብሎ ከፍ ወዳለ ጥቅል ይሸጋገራል። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ። ብልሽቱ የት ላይ እንዳለ ሳይታወቅ የተወሰዱ ከሆነ ግን ሁለቱም ችግሩን እንዳለ ይተዉታል። ሁለተኛው መፍትሔማ በአንዳንድ መስመሮች ላይ መቆራረጡን ጭራሽ ያባብሰዋል። ምክንያቱ ወደ ኋላ ላይ ይብራራል።

ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የኪስም ነው። ራውተርም ሆነ አዳፕተሩ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ የሚመነዘረው በ57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የዚህ ጫና ተካፋይ ነው። በመሆኑም በግምት የሚገዛ ራውተር ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ውድ ግምት ሆኗል።

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሐዋሳ፣ በ2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። ዩኒቨርሲቲው፣ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሆቴሎቹና ሐይቁን ተከትለው የተሠሩት የእንግዳ ማረፊያዎች ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ውለው ማደር የማይችሉ ሆነዋል። ነገር ግን በመስመር መቆራረጥ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ትልቁ ድርጅት አይደለም። ትልቁ ድርጅት ሁለት መስመርና የራሱ ባለሙያ ሊኖረው ይችላል። የሚጎዳው ከቤቱ ሆኖ ለአዲስ አበባ ወይም ለውጭ አገር አሠሪ የሚሠራው ግለሰብ ነው። ለእርሱ የአንድ ማታ መቋረጥ የመዝናኛ ጉዳይ ሳይሆን የቀን ገቢ ነው።

ኪሳራውን በቁጥር ማየት ይቻላል። ለስሌት እንዲመች በወር 1,000 ብር የሚከፈልበት መስመር አለ እንበል። ቤተሰቡ መስመሩን በዋናነት የሚጠቀምበት በየማታው ለ4 ሰዓት ከሆነ በወር 120 ሰዓት ይመጣል፤ የአንዱ ሰዓት ዋጋ 8 ብር ከ33 ሳንቲም ነው ማለት ነው። ከአራቱ ሰዓት አንዱ በመቆራረጥ ከባከነ ጥቅም ላይ የዋለው 90 ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ የአንዱ ሰዓት ዋጋም ወደ 11 ብር ከ11 ሳንቲም ይወጣል። ታሪፉ ሳይነካ ዋጋው በአንድ ሦስተኛ ጨመረ ማለት ነው። ይህ ጭማሪ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይታይም።

አንድ ግቢ፣ ሁለት አባወራ

ነገሩን ለማስረዳት እንዲቀል በአቶቴ አካባቢ አንድ ግቢ አለ እንበል። በዋናው ቤት አከራይዋ ይኖራሉ። ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ተከራይቷል፤ ተከራይዋ የሂሳብ ባለሙያ ናት፤ አዲስ አበባ ላሉ ሁለት ድርጅቶች መዝገብ ትሠራለች። የስልክ ሽቦው የሚገባው ወደ ዋናው ቤት ሳሎን ነው፤ ተከራይዋ የክፍያውን አብዛኛውን ድርሻ ስለምትሸፍን ግን ራውተሩ እርሷ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ለዚህም ሲባል ከሳሎኑ እስከ ሰርቪስ ቤቱ ድረስ ሽቦ ተቀጥሏል። ዋይፋዩን ሁለቱም ቤቶች ይጠቀማሉ።

የሰኔ 30 የሂሳብ መዝጊያ በደረሰበት ሳምንት መስመሩ በየማታው መውደቅ ጀመረ።

«እትዬ፣ ዛሬም ጠፋ።»

«ራውተሩ አርጅቷል ልጄ። አዲስ እንግዛና ግማሽ ግማሽ እናዋጣ።»

የአከራይዋ ሐሳብ የቀናነት ሐሳብ ነው፤ ብዙ ሰውም እንዲሁ ይላል። ሆኖም ከአገልግሎት ሰጪው ጣቢያ እስከ ተከራይዋ ላፕቶፕ ድረስ ያለው መንገድ አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪኩ አለ፣ ራውተሩ አለ፣ ዋይፋዩ አለ፣ ወደ ቤት የሚገባው ሽቦ አለ፣ ከዚያም ወዲያ የድርጅቱ መረብ አለ። ከእነዚህ አንዱ ሲታመም ሁሉም ላይ የሚታየው ምልክት አንድ ነው፤ «ኢንተርኔት የለም» የሚለው። ስለዚህ ሥራው ሕመሙ የትኛው ላይ እንደሆነ መለየት ነው። መለየቱ ደግሞ ከትዕግሥት በስተቀር የሚያስወጣው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

መብራቶቹን ማንበብ

መስመር ሲቋረጥ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያደርገው ራውተሩን ከሶኬት መንቀልና መልሶ መሰካት ነው። ይህ አንዳንዴ መስመሩን ይመልሳል፤ ማስረጃውን ግን ያጠፋል። ከመንቀል በፊት ሁለት ነገር ማየት ይበጃል።

አንደኛው የስልኩ ስክሪን ነው። የዋይፋይ ምልክቱ እያለ ኢንተርኔት ብቻ ከጠፋ በስልኩና በራውተሩ መካከል ያለው ግንኙነት ደህና ነው፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። የዋይፋዩ ስም ከነጭራሹ ከስልኩ ላይ ከጠፋ ግን ራውተሩ ራሱ ጠፍቶ ተነሥቷል፣ አለበለዚያ ሞገዱ እዚያ ቦታ አይደርስም። ችግሩ የሚታየው በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የስልኩ ነው፤ ሌላው ሁሉ በነፃ ተለቀቀ።

ሁለተኛው የራውተሩ መብራቶች ናቸው። በመዳብ የስልክ ሽቦ በሚሠራው ዓይነት ላይ ዲኤስኤል ተብሎ የተጻፈበት መብራት ሳይርገበገብ መቆም አለበት። የሚርገበገብ ከሆነ ራውተሩ ከጣቢያው ጋር ለመስማማት እየታገለ ነው፤ ይህ የመስመር ሕመም ነው። የዲኤስኤሉ መብራት ቆሞ የኢንተርኔቱ መብራት ብቻ ጠፍቶ ወይም ቀልቶ ከታየ ሽቦው ደህና ሆኖ የመግቢያ ስሙ፣ የይለፍ ቃሉ፣ ክፍያው ወይም የድርጅቱ መረብ ነው የሚጠረጠረው። በፋይበር ሳጥኖች ላይ ኤልኦኤስ የተባለችው ትንሽ መብራት ቀይ ሆና ከታየች ወደ ቤቱ የሚገባ ብርሃን የለም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ አዲስ ራውተር መግዛት ውሃ ለጠፋበት ቤት አዲስ ቧንቧ ጫፍ እንደመግጠም ነው።

ከመብራቶቹ የበለጠ የሚናገር አንድ ገጽ ደግሞ በራውተሩ ውስጥ አለ። ብዙዎቹ ራውተሮች 192.168.1.1 የሚለው ቁጥር በኮምፒውተር ወይም በስልክ ሲጻፍ የመቆጣጠሪያ ገጻቸውን ይከፍታሉ፤ ትክክለኛው አድራሻና የይለፍ ቃሉ ከሳጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። እዚያ ውስጥ በአብዛኞቹ ላይ ሁለት ሰዓቶች ይታያሉ። አንዱ ሳጥኑ ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ሌላው መስመሩ ከተያያዘ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይናገራል። የሳጥኑ ሰዓት ከዜሮ ከጀመረ ራውተሩ ጠፍቶ ተነሥቷል፤ ወደ ኤሌክትሪኩና ወደ አዳፕተሩ ይኬዳል። የሳጥኑ ሰዓት ቀናት ቆጥሮ የመስመሩ ሰዓት ብቻ ጥቂት ደቂቃ ከሆነው ሽቦው ነው። ሁለቱም ረጅም ሰዓት ከቆጠሩና ተጠቃሚው ግን ተቋረጠብኝ የሚል ከሆነ ዋይፋዩ ወይም የድርጅቱ መረብ ነው። ይህን ገጽ አንዴ መክፈት ብቻ ከሦስቱ ሁለቱን ጥርጣሬ ያስወግዳል።

በአቶቴው ግቢ የሳጥኑ ሰዓት አሥራ አንድ ቀን ቆጥሯል። የመስመሩ ሰዓት ግን ሰባት ደቂቃ ነው።

ትንሿ ጥቁር አዳፕተር

ወደ ሽቦው ከመሄድ በፊት ስለ ኤሌክትሪክ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ራውተር ያለ ጥፋቱ የሚጣለው በእርሱ ምክንያት ነውና። ራውተር በቀጥታ በ220 ቮልት አይሠራም። አብዛኛው የሚሠራው አዳፕተሩ ለውጦ በሚሰጠው 12 ቮልት ነው። ኃይል ሲዋዥቅና ሲሄድ ሲመጣ ቀድሞ የሚዳከመው አዳፕተሩ ነው። የተዳከመ አዳፕተር መብራት ያበራል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀምና ራውተሩ ተጨማሪ ኃይል ሲፈልግ ግን ይሸነፋል፤ ሳጥኑም ጠፍቶ ይነሣል። ተጠቃሚው «ማታ ማታ ይቆራረጣል» የሚለው አንዳንዴ ይህን ነው።

አዳፕተር ሲቀየር የቮልቱ ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። አምፒሩ ደግሞ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን እንጂ አይነስ። የጫፉ ውፍረት መግጠሙ ብቻ በቂ አይደለም። ፍሪጅ፣ ምድጃና ቴሌቪዥን በአንድ ላይ የተሰካበት የላላ ዲቫይደርም ተመሳሳይ ችግር ይፈጥራል፤ ራውተሩን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰክቶ ሁለት ማታ መሞከር ነው። ባትሪ ያላቸው ትንንሽ የራውተር ዩፒኤሶችም አሉ፤ ለአጭር የመብራት መቋረጥ ይረዳሉ። ሆኖም ሰፈሩ በሙሉ ሲጠፋ በመንገድ ዳር ያለው የቴሌ ሳጥን የራሱ ባትሪ ካልያዘ የቤቱ ዩፒኤስ ዋይፋይ እንጂ ኢንተርኔት አያመጣም።

እዚህ ላይ ስለ አሮጌ ራውተር ገበያ አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጥናት ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ሲያውቅና ገዢው ሳያውቅ ገበያው ምን እንደሚሆን አሳይቷል፤ ለዚህም ሥራው በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ገዢው መለየት ስለማይችል ለጥሩውም ለመጥፎውም አማካይ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። በሁለተኛ እጅ ራውተር ላይ ግን ነገሩ አንዳንዴ ይገለበጣል። አዳፕተሩ ብቻ የደከመበት ባለቤት ራሱ ጉድለቱን ስለማያውቅ ደህናውን ሳጥን በተበላሸ ዋጋ ይሸጣል። የሚያተርፈው አዳፕተር ለውጦ መሞከር የሚያውቀው ነጋዴ ነው።

በዝናብ የሚንጫጫው ሽቦ

ወደ ግቢው እንመለስ። ጥርጣሬው ሽቦው ላይ ወድቋል። ሽቦውን ለመመርመር ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ጆሮ ነው። በዚያው መስመር ላይ መደበኛ ስልክ ካለ እጀታው ተነሥቶ አንድ ቁጥር ይነካል፤ የጥሪው ድምፅ ይቆምና ጸጥታ ይሆናል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ መንጫጫት ወይም መሸሽ ከተሰማ አንድ ቦታ ላይ መጋጠሚያው ላልቷል ወይም ውሃ ገብቶበታል። የመዳብ ሽቦ ሲረጥብ ይዝጋል፤ የዛገ መጋጠሚያ ደግሞ ፀሐይ ሲሆን ይሠራል፣ ዝናብ ሲመጣ ይለግማል። ችግሩ ከሰኔ ጋር መጀመሩ ራሱ አንድ ፍንጭ ነበር።

ሁለተኛው ቁጥር ነው። በዚያው የመቆጣጠሪያ ገጽ ላይ «ኖይዝ ማርጂን» ወይም «ኤስኤንአር» በሚል ስም በዲቢ የሚለካ አኃዝ ይገኛል። የሚለካው ምልክቱ ከሁከቱ በላይ ስንት ያህል ትርፍ አቅም እንዳለው ነው። ከ10 ዲቢ በላይ ከሆነ ደህና ነው፤ ወደ 6 ሲጠጋ መስመሩ ጠርዝ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ሲወርድ መውደቅ ይጀምራል። ቁጥሩን በቀን አንዴ፣ በማታ አንዴ፣ ዝናብ ሲዘንብ አንዴ መጻፍ ነው። በምሳሌው ግቢ ከሰዓት በኋላ 11 የነበረው ማታ በዝናብ 4 ሆኖ ተገኘ።

ፍጥነት መጨመር መስመር እንዴት እንደሚያባብስ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በመናኸሪያ ጫጫታ መሃል ረዳቱ የሚሄድበትን አገር ስም ረጋ ብሎ ቢጠራ ይሰማል። አጣድፎ ሲጠራው ቃላቱ በሁከቱ ይዋጣሉ። የመዳብ ሽቦም እንዲሁ ነው። በአንድ ሰከንድ ብዙ መረጃ እንዲያስተላልፍ ሲጠየቅ ያለውን ትርፍ አቅም ለፍጥነቱ ያውለዋል፤ ለሁከት መቋቋሚያ የሚተርፈው ይቀንሳል። ስለዚህ 7 ዲቢ ብቻ የቀረው መስመር ወደ ላቀ ጥቅል ሲያድግ በወሩ የበለጠ ይከፈልበታል፣ በማታውም የበለጠ ይወድቃል። የታመመ ሽቦ እስኪታደስ ድረስ መፍትሔው አንዳንዴ ፍጥነቱ ዝቅ እንዲደረግ መጠየቅ ነው። ደንበኛ ሆኖ «ፍጥነቴን ቀንሱልኝ» ማለት ግር ይላል፤ ነገር ግን የማይወድቅ 4 ሜጋቢት በየሩብ ሰዓቱ ከሚወድቅ 8 ሜጋቢት የበለጠ ሥራ ያሠራል።

ማታ ላይ ሁከቱ የሚጨምርበት ተጨማሪ ምክንያትም አለ። ኤዲኤስኤል የሚጠቀምባቸው ሞገዶች ከመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ጋር ይደራረባሉ፤ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሩቅ ይሄዳል። ያልተጠመዘዘ፣ ረጅምና በቴፕ የተቀጣጠለ ሽቦ እንደ አንቴና ሆኖ ይቀበለዋል። ርካሽ የአምፖልና የስልክ ቻርጀሮችም የራሳቸውን ድርሻ ያዋጣሉ።

ወሳኙ ፍተሻ ግን ቀላል ነው። ራውተሩ ሽቦው መጀመሪያ ወደ ቤት በሚገባበት ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሽቦ፣ ስልክና ማጣሪያ ሁሉ ይነቀላል። በዚያ ሁኔታ መስመሩ ከጸና ጥፋቱ የቤቱ ውስጥ ነው። ካልጸና የውጭው ነው። ተከራይዋ ራውተሩን ተሸክማ ሳሎን ገባች፤ በዚያ ማታ ዝናቡ እየዘነበ መስመሩ አልወደቀም፤ ቁጥሩም 10 ላይ ቆመ። ራውተሩ ደህና ነው፤ ቴሌም ደህና ነው። የታመመው ከሳሎኑ እስከ ሰርቪስ ቤቱ የተቀጠለው፣ ክፈፉ ሥር በቴፕ የታሰረው ሽቦ ነው። አከራይዋ ሽቦውን ገዙ፤ ተከራይዋ የሠራተኛውን ዋጋ ቻለች። አዲስ ራውተር ቢገዛ ኖሮ በማግስቱ ማታ እንደ አሮጌው በወደቀ ነበር።

ከዚህ የተሻለ አማራጭም ነበረ። ራውተሩን ሳሎኑ ውስጥ ትቶ ወደ ሰርቪስ ቤቱ የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያደርሳል፤ የስልክ ሽቦ ግን በየቅጥሉ ይደክማል። ማጣሪያዋም አትረሳ፤ በአንድ መስመር ላይ ስልክ ካለ እያንዳንዱ ስልክ የራሱ ማጣሪያ ሊኖረው ይገባል። መብረቅ በሚበዛበት ቀን ደግሞ የኤሌክትሪኩም የስልኩም ሽቦ ከራውተሩ ቢነቀል ይመረጣል፤ መብረቅ በሁለቱም በኩል ይገባልና።

ፋይበር በገባበት ቤት ይህ ሁሉ የዝናብና የሁከት ነገር አይነሣም። ክሩ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አይሸከምም። የእርሱ ጠላት መታጠፍና ቆሻሻ ነው። በር ሥር የተቀረቀረ፣ በሶፋ የተደፈጠጠ ወይም ቦታ እንዳይዝ ተብሎ በጠባቡ የተጠቀለለ ክር ብርሃን ያፈስሳል። በሳጥኑ ገጽ ላይ የሚገባው ብርሃን መጠን በዲቢኤም ይታያል፤ ከኔጌቲቭ 27 በታች ሲወርድ መቆራረጥ ይመጣል። አረንጓዴውን ጫፍ ነቅሎ በጣት መጥረግም ሆነ በዓይን ወደ ውስጥ መመልከት አይገባም፤ የመጀመሪያው መስመሩን፣ ሁለተኛው ዓይንን ይጎዳል።

ዋይፋዩና የተደበቀው ጫኝ

የዋይፋይ ችግር ከመስመር ችግር የሚለየው በአንድ ኬብል ነው። ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር ይገናኛል። በዊንዶውስ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ውስጥ «ፒንግ» የሚባለው ትእዛዝ አንዴ ለራውተሩ አድራሻ፣ አንዴ ለ8.8.8.8 ይላካል፤ ይህ ሁለተኛው የጉግል የሕዝብ አድራሻ ነው። ከአድራሻው በኋላ ሰረዝና «ቲ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ስትጨመር ትእዛዙ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን ከፍቶ ሥራን መቀጠል ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ራውተሩ እየመለሰ ሩቁ አድራሻ ብቻ ዝም ካለ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። በኬብል ሁለቱም እየመለሱ በዋይፋይ ብቻ ራውተሩ ራሱ ዝም የሚል ከሆነ ዋይፋዩ ነው።

ዋይፋይ በብሎኬት ግድግዳ ይደክማል፤ በቆርቆሮ ደግሞ ይመለሳል። ከቴሌቪዥን ኋላ፣ ከፍሪጅ አናት ወይም ከብረት ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ራውተር ገና ሳይነሣ ተሸንፏል። በቤቱ መካከልና ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ ወጪ የለውም። ባለ 2.4 ጊጋኸርዙ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፤ ነገር ግን የጎረቤት ራውተሮች ሁሉ እዚያው ላይ ናቸው፤ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎችም 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን አይወድም። ለሥራ ላፕቶፑ ባለ 5ቱ፣ ለጓሮው ስልክ ባለ 2.4ቱ ቢሰጥ ጥሩ ነው።

አንድ በቀላሉ የማይታሰብ ጫኝም አለ። ብዙ ስልኮች ፎቶና ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት መጋዘን የሚልኩት ዋይፋይ ላይ ሆነው ቻርጅ ሲደረጉ ነው። ይህም ማታ ነው። በኤዲኤስኤል መስመር የመላኪያው በኩል ከመቀበያው እጅግ የጠበበ ስለሆነ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ መንገዱን በሙሉ ይዘጋዋል፤ ገጽ ለመክፈት የሚላከው ትንሽ ጥያቄ እንኳ ተራ ይጠብቃል። ቤተሰቡም መስመሩ ተቋረጠ ይላል። አልተቋረጠም፤ ተጣቧል። ለጎረቤት የተሰጠ የይለፍ ቃልም ይህንኑ ያደርጋል። የይለፍ ቃሉን ለውጦ አንድ ሳምንት መጠበቅ የራሱ ፍተሻ ነው፤ የጉርብትናው ሒሳብ ግን ለባለቤቱ ይተዋል።

በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ያለው ሰው የሽቦ ጣጣ የለበትም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መግቢያ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ በሞባይል በኩል ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ አማራጭ አለ። ይሁን እንጂ የሞባይል ማማ የጋራ ሀብት ነው፤ ማታ ሁሉም ሲገባ ድርሻው ያንሳል። የምልክቱን ጥንካሬ በዲቢኤም የሚያሳይ ገጽ በራውተሩ ውስጥ አለ፤ ኔጌቲቭ 80 አካባቢ ጥሩ፣ ኔጌቲቭ 110 ደካማ ነው። ራውተሩን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ቁጥሩን በግልጽ ሊለውጠው ይችላል። ከመግዛት በፊት በዚያው ድርጅት ሲም በስልክ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው የማታ ሰዓት መሞከር ተገቢ ነው።

ቴሌ ዘንድ ሲደወል

ጥፋቱ የውጭው መስመር መሆኑ ከታወቀ የሚቀረው ማመልከት ነው። የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች ጥሪ ማዕከል ቁጥር 994 ነው። «ኢንተርኔቴ ይቆራረጣል» የሚል ደንበኛ የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፤ ራውተሩን ነቅለው ይሰኩት ይባላል። በመግቢያው ሶኬት ላይ ብቻ ሰክቶ የሞከረ፣ ቀኑንና ሰዓቱን የጻፈ፣ የዲኤስኤል መብራቱ እንደሚርገበገብ ያየና የዲቢውን ቁጥር በቀንና በማታ የመዘገበ ደንበኛ ግን ጉዳዩን በቀጥታ ወደ መስመር ጥገና እንዲመራለት መጠየቅ ይችላል። የማስታወሻ ደብተር አንድ ገጽ ይበቃል። የአቤቱታውንም መለያ ቁጥር መጠየቅና ከሥሩ መጻፍ ያስፈልጋል፤ በሁለተኛው ጊዜ ሲደወል ነገሩ ከዜሮ እንዳይጀምር።

ድርጅቱ በተደጋጋሚ ተነግሮት መፍትሔ ካልሰጠ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዘርፉን የመቆጣጠርና የተጠቃሚውን መብት የማስጠበቅ ኃላፊነት አለበት። እዚያም ቢሆን የሚያስኬደው ያው ደብተር ነው።

ጠጋኝ ባለሙያው በር ላይ ሲደርስ ደግሞ አንድ ነገር አይረሳ። ከመሥራቱ በፊትና ከሠራ በኋላ በመግቢያው ሶኬት ላይ ለክቶ ሁለቱን ቁጥሮች እንዲነግር መጠየቅ ነው። ባለሙያው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በቀን፣ ፀሐይ እያለ ነው፤ መስመሩ የሚወድቀው ደግሞ ማታ በዝናብ። ስለዚህ የማታዎቹ ቁጥሮች የተጻፉበት ገጽ ቢታየው «አሁን እኮ ደህና ነው» ብሎ እንዳይሄድ ያደርገዋል።